እጄን ሥራ ሳስይዘው

በልጅነቴ ቅጽል ስሜ «ቁንጥንጥ» ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን በዚህ የወቀሰኝ አልነበረም፤ ዳዊት ስንደግም ሁላችንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዝን ነው። «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ!» የሚለው ትእዛዝ የመጣው አስኳላ ስገባ ነው። እጄን አጣጥፌ፣ ዐይኔን ሰሌዳው ላይ ተክዬ ስቀመጥ አስተማሪዬ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ያለኝ አቅም ሁሉ ላለመንቀሳቀስ ስለሚያልቅ አንድም ቃል አልሰማም።

በ34 ዓመቴ ሒሳብ አያያዝ በማታ መማር ስጀምር ያው ችግር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ራሴን ከመውቀስ ይልቅ ልከታተለው ወሰንኩ። ሐሳቤ ከመምህሩ በሸሸ ቁጥር በደብተሬ ዳር አንዲት ነጥብ አኖራለሁ፤ በዚያች ደቂቃ እጄና እግሬ ምን ሲያደርጉ እንደነበረም አጠገቧ እጽፋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ነጥቦቹ የበዙት ድርቅ ብዬ በተቀመጥኩባቸውና ስልኬን በነካካሁባቸው ምሽቶች ነበር። የደብተሬን ማዕዘን በእርሳስ ሳጠቁር በነበረበት ምሽት ሁለት ነጥብ ብቻ አገኘሁ።

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንዝርት እያሾረች የሬዲዮ ትረካ ትሰማ ነበር። ወደ እጇ የምትመለከተው ክሩ ሲበጠስ ብቻ ነው፤ ትረካውን ግን በነጋታው ለጎረቤት አንድ ሳታስቀር ትነግራለች። ፈትሉ ጣቷን እንጂ ጆሮዋን አይፈልግም።

የሚያግዘኝን እስካገኝ ብዙ ሞከርኩ። የልጄ በጣት የሚሽከረከር መጫወቻ ዐይኔን ወሰደው። እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ አጠገቤ የሚቀመጡት እናት እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንተን ሲያነቃህ እኔን አደነዘዘኝ» አሉኝ። እውነት ነበራቸው። በመጨረሻ የጥጥ ገመድ ላይ ስድስት ቋጠሮ ቋጥሬ ኮት ኪሴ ውስጥ አኖርኩ። አይታይም፣ ድምፅ የለውም፤ ጣቴ ቋጠሮውን እየተከተለ ይሄዳል፣ ጆሮዬም ለመምህሩ ይቀራል።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። እግሬ አንዳንዴ የሚርገበገበው ለመንቃት ሳይሆን ስለ ተናደድኩ ወይም ስለ ፈራሁ ነው። ያኔ ቋጠሮ አይረዳኝም። ወጥቼ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ እመለሳለሁ፤ መልስ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ በቁጣ የላክኋቸው ስንት ደብዳቤዎች ይቀሩ ነበር!

የተሳሳትኩት በልጄ ላይ ነው። ለእኔ የሠራው ለእሷም የሚሠራ መስሎኝ የማባዛት ሠንጠረዥ እየተራመደች እንድታጠና አደረግኋት። በሰባት ብዜት ላይ ተደነቃቀፈችና «አባዬ፣ ቁጭ ብዬ ላስብ?» አለችኝ። ኋላ ላይ የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ራፖርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡትን ጥናት ሳነብ የልጄን ጥያቄ አገኘሁበት። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች የተዘበራረቁ ቁጥሮችና ፊደላትን በአእምሯቸው እንዲያደራጁ ተፈተኑ። ኤዲኤችዲ የሚባለው ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸው ልጆች ይበልጥ ሲንቀሳቀሱ ይበልጥ ተሳካላቸው፤ ችግሩ የሌለባቸው ግን በተንቀሳቀሱ ቁጥር ውጤታቸው ወረደ።

አሁን ማታ ማታ እሷ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብላ ታነባለች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ በረንዳው ላይ እመላለሳለሁ።