ዲዛይኑን አንሶላ ይዘው የገመገሙት ሴትዮ

ሆቴል ሲሠራ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ አንድ ክፍል ብቻ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ያልቃል። ናሙና ክፍል ነው የምንለው። አልጋው ይገባል፣ መጋረጃው ይሰቀላል፣ መብራቱ ይበራል፣ የበር እጀታው ሳይቀር ይገጠማል። ለምን ቢባል፣ ሆቴል ውስጥ አንድ ዓይነት ክፍል ተደጋግሞ ስለሚሠራ እዚህ ያለች ትንሽ ጥፋት ዘጠና ክፍል ላይ ዘጠና ጥፋት ሆና ትወጣለች። ወረቀት ላይ ደግሞ አትታይም። ኮምፒውተር በሚያወጣው ምስል ላይማ ጭራሽ፤ እዚያ ውስጥ አቧራ የለ፣ ሻንጣ የለ፣ ለመጨረስ የሚሯሯጥ ሠራተኛ የለ።

እኔ በአንድ የሆቴል ግንባታ ላይ በዲዛይን ቡድኑና በሳይቱ መካከል የምመላለስ አስተባባሪ ነበርኩ። ማለትም ዲዛይነሮቹ የሳሉትን ለኮንትራክተሩ አስረዳለሁ፣ ኮንትራክተሩ የተሳደበውን ደግሞ አለስልሼ ለዲዛይነሮቹ አደርሳለሁ።

ናሙና ክፍሉ ሲያልቅ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ከራስጌው ጀርባ ግድግዳውን ከጫፍ ጫፍ የያዘ እንጨት፣ ጣሪያው ሥር የተደበቀ መብራት፣ መታጠቢያ ቤቱን ከመኝታው የሚለይ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። ባለቤቱ ገብተው ዞር ዞር አሉና "ይኸው! ይሄን ነበር የፈለግሁት፣ በሉ ቀጥሉ" አሉ። ፎቶ ተነሣ። የማጽደቂያው ወረቀት ለፊርማ ተዘጋጀ።

የሀውስኪፒንግ፣ ማለትም የክፍል ጽዳትና ዝግጅት፣ ኃላፊዋን ለአስተያየት የጠራቸው የለም። የመጡት የአንሶላ ልክ ሊወስዱ ነው፣ ትዕዛዙ ቶሎ መውጣት ስላለበት። ዕድሜያቸውን በሆቴል ሥራ ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አልጋውን አዩት፣ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱና "እስቲ መጀመሪያ ላንጥፈው" አሉ።

በበሩ በኩል ያለውን ጎን ወዲያው ጨረሱት። ወደ መስኮቱ ጎን ሊዞሩ ሲሉ ግን ቆሙ። በአልጋውና በመስኮቱ ሥር በተሠራው ቋሚ መቀመጫ መካከል የቀረው ክፍተት 35 ሳንቲ ሜትር ነበር። በጎናቸው ገቡ። ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው የመቀመጫውን ጠርዝ መታው። የፍራሹን ጥግ ለማንሣት አንድ ጉልበታቸውን አልጋው ላይ ማሳረፍ ግድ ሆነባቸው፣ ጉልበታቸው ያረፈበት ደግሞ አሁን ያነጠፉት አንሶላ ነው። ተጨማደደ። ቀና ብለው ያን የተጨማደደ ቦታ በእጃቸው እያስተካከሉ ዲዛይነሩን አዩት።

"ልጄ፣ አንዲት ልጅ በአንድ ፈረቃ ከአሥር በላይ ክፍል ታዘጋጃለች። በየክፍሉ እንዲህ እየተጣመመች ወገቧ እስከ መቼ የሚችልልህ ይመስልሃል?"

ዲዛይነሩ ክፉ ሰው አይደለም። አልጋው 2 ሜትር በ2 ሜትር እንዲሆን ያዘዙት ባለቤቱ መሆናቸውን፣ መቀመጫው ደግሞ በምስሉ ላይ ተወድዶ የጸደቀ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። እሳቸው ሰሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ተንበርክከው አልጋው ሥር አዩ።

አልጋው ከወለሉ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ከታች መብራት ስላለው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ሐሳቡም እሱ ነበር። "የቫኪዩሙ አፍ አይገባም፤ የእንግዳ ካልሲ ግን ይገባል" አሉ። "ወይ እስከ ወለሉ ዝጉት፣ ወይ ማሽን የሚያስገባ አድርጉት። መሐል ቤት አትተዉት።" በጣታቸው የእንጨቱን አናት ጠረጉና የጂፕሰም ዱቄቱን ለሁላችንም አሳዩን። እዚያ ላይ ያለች የሁለት ጣት ስፋት ጠርዝ መሰላል ካልተያዘ አትጸዳም። መሰላል ይዞ በየቀኑ ክፍል የሚያጸዳ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም።

እሳቸው ከጀመሩ በኋላ ሌላውም አፉን ፈታ። የጥገና ኃላፊው ሻወሩን ከፍቶ ለቀቀው። ውሃው መጀመሪያ ወደ ፍሳሹ ሄደ፣ ከዚያ ሐሳቡን የቀየረ ይመስል በመስታወቱ በር ሥር አድርጎ ወደ እንጨቱ ወለል መጣ። የሻወር ወለል በአንድ ሜትር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማዘንበል አለበት፤ ይሄኛው ከዚያ በታች ነበር። ቀጥሎ "ቧንቧ ቢያፈስ የት ጋ ከፍቼ ነው የምዘጋው?" ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን። ሴራሚክ መስበር ነበረበት።

ይሄኛው በጣም ገረመኝ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ነው። ኤልስዎርዝ ስታትለር የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡፋሎ ከተማ በከፈተው ሆቴል ለየክፍሉ የራሱን መታጠቢያ ቤት ሲሰጥ፣ ወጪው እንዳይከብደው ጎረቤታም የሆኑ ሁለት መታጠቢያ ቤቶችን ጀርባ ለጀርባ አድርጎ ቧንቧዎቻቸውን በመካከላቸው ባለ አንድ የጋራ ጉድጓድ፣ ማለትም በግድግዳዎቹ መሐል በተተወ ክፍተት፣ ከታች እስከ ላይ አወጣቸው። ዛሬም አብዛኛው የሆቴል ፕላን የሚሳለው በዚሁ መንገድ ነው። የእኛም ጉድጓዱ ነበረው፣ በር ብቻ ነው ያልነበረው። በሩ በኮሪደሩ በኩል ቢሆን ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛው የተኛ እንግዳ ሳይቀሰቅስ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን የመጣው ከክፍሉ ውጪ ነው። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመው "የእኔ ዕቃ ቤት የት ነው?" አሉ። በመጀመሪያው ፕላን በየፎቁ፣ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት በሰርቪስ ሊፍቱ አጠገብ፣ የሊነን ክፍል፣ ማለትም የአንሶላና የፎጣ ማስቀመጫ፣ ነበር። በኋላ ባለቤቱ "ይሄ ሁሉ ቦታ ለአንሶላ?" ብለው ወደ እንግዳ ክፍል አስቀየሩት። በወረቀት ላይ ትርፍ ነው፤ በየፎቁ አንድ የሚከራይ ክፍል ተጨመረ። ግን አንድ አልጋ ቢያንስ 3 ሙሉ ቅያሪ ያስፈልገዋል፤ አንዱ አልጋው ላይ ነው፣ አንዱ ላውንደሪ ነው፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ። መደርደሪያው ምድር ቤት ብቻ ከሆነ አንዲት ፎጣ በጎደለች ቁጥር አንድ ሰው ሊፍት ይጠብቃል ማለት ነው። ያውም ጠዋት፣ ቁርስ ወደ ክፍል የሚወጣበትና ሰርቪስ ሊፍቱ በሚጨናነቅበት ሰዓት። ልጆቹ ቸኩለው የእንግዳውን ሊፍት ይጠቀማሉ፤ ቆሻሻ አንሶላ የጫነ ትሮሊና ሱፍ የለበሰ እንግዳ እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገናኛሉ።

ባለቤቱ ተጠርተው መጡ። "ስለዚህ ክፍል አትሽጥ ነው የምትሉኝ?" አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

እትዬ አልፈሩም። "ጋሼ፣ ይሽጡ እንጂ። ግን ክፍሉ ሳይዘጋጅ እንግዳ ሎቢ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እርስዎን አይደለም የሚቆጣው፣ እኛን ነው።" ከዚያ አንሶላዎቻቸውን ሰብስበው ሄዱ። ልኩን ራሱ አልወሰዱም፤ አልጋው እንደሚቀየር ገብቷቸዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ብዙ ተባባልን። አልጋው ወደ 180 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ከዚያ ተገኘ፣ 15 ደግሞ ከመቀመጫው ተቆረጠና መተላለፊያው 70 ሆነ። እንግዳ 2 ሜትሩ ቀረብኝ ብሎ አያለቅስም፣ 180 ላይ ሁለት ሰው በምቾት ይተኛል። አልጋው እስከ ወለል ተዘጋ፣ የእንጨቱ አናት እስከ ጣሪያ ደረሰ፣ የቧንቧው ጉድጓድ በኮሪደሩ በኩል በር ወጣለት፣ የሻወሩ ወለል ፈርሶ ተሠራ። የሊነን ክፍሉ በየፎቁ መሆኑ ቀርቶ አንድ ፎቅ እየዘለለ እንዲሆን ተስማማን። ለእኔ ይሄ ግማሽ ድል ነው፤ ባለቤቱን ግን እስከ መጨረሻው ሲያንገበግባቸው ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ናሙና ክፍል ውስጥ ሰው ቢያድርበት ጥሩ ነው። ከእኛ አንዱ አደረበትና ቀን ያልታዩ ነገሮች ይዞ መጣ። የኮሪደሩ መብራት በበሩ ሥር ይገባል። መጋረጃው በመስኮቱ ልክ ስለተቆረጠ ንጋት ላይ በሁለቱም ጎን ብርሃን ያስገባል፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ አንድ ስንዝር ማለፍ ነበረበት። የራስጌው ሶኬት ከጎረቤት ክፍል ሶኬት ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለተገጠመ የወዲያኛው ክፍል ወሬ በዚያች ቀዳዳ ይሰማል። መብራት ለማጥፋት ከአልጋ ወርዶ በሩ ድረስ መሄድ ግድ ነው። እነዚህ ሁሉ ያኔ በትንሽ ወጪ ተስተካከሉ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢሆን ሶኬት ማዛወር ግድግዳ መቦርቦር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ባለቤቱን ማንም አላሸነፋቸውም፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት። እትዬ በየቀኑ የውሃ ጠብታ ሲወለወል እንደሚዋል ተናገሩ። እኔም አንድ ክፍል የሚይዙት ባልና ሚስት ብቻ እንዳልሆኑ፣ ለሥራ አብረው የሚመጡ ባልደረቦችና ከትልልቅ ልጆቻቸው ጋር የሚያርፉ ወላጆች እንዳሉ አነሣሁ። ባለቤቱ ግን "ዓይን የሚስበው እሱ ነው" አሉና ጸኑ።

ሆቴሉ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ ቅሬታዎች የመጡት በዚያው መስታወት ላይ ነበር፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ሌላ ክፍል ካልተሰጠን ብለው እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሙ። በየክፍሉ ከወለል እስከ ትከሻ ድረስ ደብዛዛ ፕላስቲክ ተለጠፈ። ባለፈው እትዬን አግኝቼ ስለ መስታወቱ ስጠይቃቸው፣ አሁን ደግሞ ፕላስቲኩ በእንፋሎት ከጠርዙ እየተላቀቀ መሆኑንና ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በጥፍራቸው መልሰው እንደሚለጥፉት ነገሩኝ።