ብርሌ ሲነፋ እየታየ የሚበላ የሐዋሳ እራት

ብርጭቆ ሲነፋ ማየትንና እራትን በአንድ ምሽት ማገናኘት ለሐዋሳ የሚስማማ ነገር ነው። ሐይቁ አለ፣ አሳው አለ፣ ከጨለመ በኋላም ውጭ የሚያስቀምጥ አየር አለ። እንዲህ ያለውን ምሽት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የእራቱና የእሳቱ ሰዓት አለመግባባት ነው። የጋለ ብርጭቆ አይጠብቅም፤ የተጠበሰ አሳም አይጠብቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ብርጭቆው ወደ ማብረጃው ምድጃ፣ ማለትም እንዳይሰነጠቅ በዝግታ ወደሚቀዘቅዝበት ምድጃ፣ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ የወጥ ቤቱ ሥራ ሁሉ ከእሱ ተነስቶ ይቆጠራል።

ብርጭቆ መንፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ረጅም የብረት ቱቦ ይዞ ከእቶን ውስጥ የቀለጠ ብርጭቆ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ያ አሠራር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተጀመረ ነው፤ ዛሬም ማየቱ አይጠገብም። ለአንድ ምሽት ግን አይሆንም። እቶኑ ቀን ከሌሊት 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት አለበት። ከቀዝቃዛ ተነስቶ እዚያ ለመድረስም ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ካጣደፉት ቀላጩን የያዘው ዕቃ ይሰነጠቃል። ለሆቴል ግቢ ወይም ለሐይቅ ዳር መናፈሻ የሚሆነው የበርነር ሥራ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በታሰረ በርነር፣ በቡታጋዝና በኦክስጅን እሳት፣ የተዘጋጀ የብርጭቆ ቱቦ እያለሰለሱ መንፋት። ሙያው በአብዛኛው ያለው የላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚሠሩና የሚጠግኑ ሰዎች ጋር ነው።

ቱቦው ቦሮሲሊኬት ይሁን። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠራበት ይህ ብርጭቆ ሙቀት ሲለዋወጥበት የሚለጠጠውና የሚኮማተረው ከተራ ጠርሙስ ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እያየ በሚሠራበት ምሽት ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ከታዳሚው መካከል ባዶ የቢራ ጠርሙስ አምጥቶ «ይህንንስ ንፉልን» የሚል አይጠፋም፤ እሺ አይባልም። ወፍራምና ውፍረቱ ያልተስተካከለ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ከቦሮሲሊኬት ጋር ቢያያዝ ደግሞ ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ምን ይነፋ? እኔ የምመርጠው ብርሌ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ጠጁም ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ቅርጹም በጥሩ እጅ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። የቱቦው መጠን ግን አስቀድሞ ይሰላ። የውጭ ስፋቱ 32 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ እንውሰድ። ሆዱ 6 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው ወደ 9 ሳንቲሜትር የሚሆን ቱቦ ሆዱ ውስጥ መግባት አለበት። በ5 ሳንቲሜትር ቱቦ ያንኑ ሆድ ለመንፋት ከተሞከረ ግድግዳው ከ1 ሚሊሜትር በታች ይሆናል፤ ለዓይን ያምራል፣ ሲያጥቡት ግን እጅ ላይ ይሰበራል። የዚህ ብርሌ ሆድ የሚይዘው 100 ሚሊሊትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው፤ ጠጅ ለመቅመስ ይበቃል።

ሥራው የሚጀምረው ኦክስጅኑ በተቀነሰ ለስላሳ እሳት ቱቦውን በማሞቅ ነው። ከዚያ እሳቱ ይጠነክርና የቱቦው ሁለት ጫፎች በየተራ ለስልሰው፣ ከእሳት ወጥተው፣ በዝግታ እየተሳቡ ወደ 20 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ ቀጫጭን እጀታዎች ይሆናሉ። አንዱ ይዘጋል፤ አንዱ መንፊያ ሆኖ ይቀራል። አሁን መሃሉ ይሞቃል። እዚህ ላይ የባለሙያውን እጆች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ከቀደመ የለሰለሰው ብርጭቆ እንደ ልብስ ይጠመዘዛል፣ ሁለቱም ከቆሙ ደግሞ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ሁለቱን እጀታዎች በትንሹ ወደ መሃል እየገፋ ብርጭቆውን ይሰበስበዋል፤ ግድግዳው ሲወፍር ብርቱካናማው ፍካት እየደመቀ ይመጣል።

ከዚያ ከእሳት ያወጣዋል፤ ወዲያው ግን አይነፋም። አንድ ሁለት ሴኮንድ እያሽከረከረ ይቆያል። ተመልካች የማያስተውላት ይህች ቆይታ የሥራው ቁልፍ ናት። ስስ የሆነው ቦታ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይደነድናል፤ ወፍራሙ ገና ለስላሳ ስለሆነ ትንፋሹ እሱን ይገፋዋል፤ ግድግዳው በዚህ ይስተካከላል። ቸኩሎ የነፋ ሰው ስሱን ይበልጥ ያሳሳውና ሆዱ በአንድ ጎን ያብጣል። ትንፋሹም መጀመሪያ ለስላሳ ነው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይጠነክራል። ቀጥሎ የታችኛው እጀታ በእሳት ይቆረጣል፣ ቂጡ ሞቆ ግራፋይት ላይ ትንሽ ይጠፈጠፋል፣ ብርሌው በረጅም መያዣ ይያዝና አንገቱ ተቆርጦ አፉ በግራፋይት ዘንግ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ስንጥቅ የሚነሳው እዚህ ነው፤ አፉ ሲሠራ ሆዱ ይረሳል። በየመሃሉ ሙሉ ብርሌውን በለስላሳ እሳት ማሳለፍ ያስፈልጋል።

በርነሩ ሲለኮስ መጀመሪያ ቡታጋዙ፣ ቀጥሎ ኦክስጅኑ ይከፈታል፤ ሲጠፋ ኦክስጅኑ ይቀድማል። በሁለቱም መስመር ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይኑር፤ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲሊንደሩ ጎድጓዳ ቦታ ላይ አይቀመጥ። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር። 40 ሊትር የሚይዝ፣ በ150 ባር የተሞላ ሲሊንደር ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ በርነር 10 ሰዓት ይሆናል፣ አንዱ ይበቃል። ኦክስጅኑን ለመቆጠብ በአየር ብቻ ልሥራ የሚል ካለ አይሆንም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ በአየር የሚሠራ በርነር ደግሞ መጀመሪያውኑ ለቦሮሲሊኬት ደካማ ነው።

ከሁሉም በላይ አደገኛው ቅቤ ነው። ግፊት ያለው ኦክስጅን ቅባት ሲያገኝ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ቡርሳሜ፣ ማለትም ቅቤ የበዛበትን የሲዳማ የቆጮ ምግብ፣ የበላ እጅ ሳይታጠብ የኦክስጅኑን ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) መንካት የለበትም፤ የአሳው መጥበሻም ከሲሊንደሮቹ ይራቅ። ባለሙያው እራቱን የሚበላው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ጠጁም እንደዚያው።

ተመልካቹ ከጠረጴዛው 3 ሜትር ይራቅ፤ ልጆች ወላጆቻቸው አጠገብ ይቀመጡ። የጋለ ብርጭቆ ፍካቱ ከጠፋ በኋላ ከቀዝቃዛው አይለይም፤ ቆዳ የሚልጠውም ያን ጊዜ ነው። ወለል ላይ የወደቀ ስባሪ ማንም አያንሳ። ጥለቱ የሚንዘረፈፍ ነጠላ ለብሶ የተጠጋ ካለ በትህትና ወደ ኋላ ይመለስ። ከሐይቁ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የብርጭቆውን አንድ ጎን ስለሚያቀዘቅዝ በርነሩ በሦስት ጎን ይከለል፤ ከላይ ግን ክፍት ይሁን፣ ጭሱና ጋዙ መውጫ ይፈልጋሉ። በክረምት ከጣራ በታች ካልሆነ አይታሰብ። የአምፖሎቹ ብርሃን ይቀነስ፣ መተላለፊያው ግን ይታይ።

ሰዓቱ እንዲህ ይሁን። የማብረጃው ምድጃ 11 ሰዓት ላይ ይለኮስና 560 ዲግሪ ይጠብቅ። እንግዶች 12 ሰዓት ተኩል ይግቡ፤ ቆሎና ዳቦ በዳጣ ይቅረብላቸው፣ ከዚያ የከበደ ምግብ እሳቱ እስኪያልቅ ይቆይ። 1 ሰዓት ላይ፣ ሲጨልም፣ በርነሩ ይለኮስ። ባለሙያው የብርሌውን አፍ መክፈት ሲጀምር ለወጥ ቤት ምልክት ይሰጥና ዘይቱ ይጣድ። አሳው ጠዋት ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ የተገዛ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተጠርጎ በበረዶ ይቆይ፣ በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ይተልተል፣ ጨውና ሎሚ ይግባበት። ብርሌው ምድጃ ሲገባ አሳው ዘይት ይግባ። ሙሉውን የተጠበሰ አሳ ሲቆይ ቆዳው ስለሚላላ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ከመጥበስ ለየጠረጴዛው በተራ መጥበስ ይሻላል። ቡርሳሜው ግን ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝለት ችግር የለበትም፤ ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል።

ብርሌው 560 ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በደቂቃ 2 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ 480 ሲደርስ ምድጃው ይጥፋና በሩ ሳይከፈት ይደር። መብራት ቢጠፋ በሩን ከፍቶ ማየት የባሰ ጥፋት ነው፤ ጡቡ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጄኔሬተር ካለ ምድጃውን መሸከሙ በቀን ተሞክሮ ይታወቅ።

ስለዚህ ያን ምሽት የተነፋውን ብርሌ ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ይህ ለእንግዳው ገና ሲገባ ይነገረው። ጠዋት ከመረከባችሁ በፊት አንድ ፍተሻ አለ። ነጭ ገጽ የከፈተ ላፕቶፕ ፊት ብርሌውን ያዙና ብርሃን በሚያጣራ ፖላራይዝድ መነጽር ተመልከቱት፤ ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ መነጽሩን አዙሩት። ብርሌው ላይ ደማቅ ነጠብጣብ ወይም የቀለም ሰንበር ከታየ ውስጡ ገና ውጥረት አለ፤ ተመልሶ ምድጃ ይግባ። ንጹሕ ከሆነ አንገቱ ብቻውን በጨርቅ ይጠቅለል፣ ሆዱ ከካርቶኑ ግድግዳ በሁሉም ጎን 5 ሳንቲሜትር ይራቅ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ይልቅ ጭኑ ላይ ያድርገው።