በዶሃ ሌሊቶች የወጌሻ ሥራ

የዶሃው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲከፈት ሀገር ቤት ደመራ ተለኩሶ ነበር። እኛ ደግሞ በባሕሩ ዳር በተዘረጋው የኮርኒሽ ጎዳና ላይ የሴቶች ማራቶን እስኪጀመር እንጠባበቃለን። መነሻው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ውድድሩ ወደ እኩለ ሌሊት የተገፋው ፀሐይዋን ለመሸሽ ቢሆንም ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ አልወረደም፤ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ እርጥበቱ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነውና አየሩ ራሱ ውኃ ካዘለ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ ሙቀቱን ይዞ አይሄድም።

ሩጫው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ስድስት ጊዜ መዞር ስለነበረ ሯጮቹን በየዙሩ በቅርብ ማየት ይቻላል። እንደ እኔ ያለ ወጌሻ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሰዓት አያይም፤ የእግር አረጋገጥ ያያል። ትከሻ ወደ ጆሮ ሲወጣ፣ እርምጃ ሲያጥር፣ እግር መሬቱን በጥፊ እንደሚመታ ሁሉ መጮህ ሲጀምር ሰውነት ምን እያለ እንደሆነ ይታወቃል። ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እነዚህን ምልክቶች በብዙዎቹ ላይ አየሁ። ከተነሡት 68 ሯጮች ወደ መጨረሻው መስመር የደረሱት 40 ናቸው። ሦስቱም የእኛ ልጆች አቋረጡ።

ማቋረጥን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው ጥቂት አይደለም። ያን ሌሊት በሕክምናው ድንኳን አካባቢ የነበረ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ለመናገር አፉ አይታዘዘውም። በተሽከርካሪ ወንበርና በቃሬዛ የሚመጡት ተከታተሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ፣ የማን ሀገር ልጅ እንደሆነች እንኳ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፣ ሁለቱም ባቶቿ እንደ ድንጋይ ጠጥረው ነበር። እንዲህ ያለውን ጡንቻ በኃይል ማሸት አይገባም። ጉልበቷን ዘርግቼ ጣቶቿን ቀስ እያልኩ ወደ ራሷ አቅጣጫ ገፋሁና ያዝሁ፤ ጡንቻው ከእጄ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ሲላላ፣ እንደገና ሲያዝ ይሰማኛል። አንገቷና ብብቷ ላይ በበረዶ ውኃ የተነከረ ፎጣ ተደረገላት። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ አእምሮው መዋለል ለጀመረ ሯጭ ግን ፎጣ አይበቃም፤ ወዲያውኑ በበረዶ ውኃ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ሆስፒታል መውሰድ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የቀረው ጊዜ አብዛኛው ያለፈው በሆቴል ክፍል ውስጥ በማሻ አልጋ ዙሪያ ነው። ከአትሌቶቹ አንዷ፣ ስሟንም የምትሮጥበትንም ርቀት አልጽፍም፣ ውድድሯ ሊደርስ ሲል ባቷን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬ ብቻ አጥብቀው ይሹኝ» አለችኝ።

«አይሆንም ልጄ» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። በአንድ እግሯ እንድትዘል አደረግኋት፤ በሁለቱም እግር እኩል ዘለለች። ጅማቱን ከተረከዟ ጀምሬ ወደ ላይ በአውራ ጣቴ ተከተልኩት፤ እብጠትም ትኩሳትም የለውም። ባቷ የጠጠረው ከጉዞና ከጭንቀት ነበር። በውድድር ዋዜማ ጡንቻን በኃይል ማሸት በማግስቱ ሕመምና መክበድ ሊያስከትል ስለሚችል እንዲሁ በስሱ አሸኋትና ረዘም አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንደ እኔ እምነት በትልቅ ውድድር ላይ የወጌሻ ትልቁ ችሎታ እጁን መሰብሰብ ማወቁ ነው። አዲስ ቅባት፣ አዲስ ቴፕ፣ አዲስ ዘዴ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም። አትሌቷ «አይሆንም» ስላት ያመነችኝ ሱሉልታ ላይ በልምምድ ጊዜ ያንኑ ባት ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ሻንጣ ሲዘጋ ብቻ የሚጠራ ወጌሻ ይህን እምነት ከየት ያመጣል? የባለሙያው ቦታ ከዝግጅቱ መጀመሪያ አንሥቶ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ራሱ አንድ፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከእንጦጦ ብርድ ወርዶ በዶሃ እንፋሎት ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ይህ ዕቅድ ያስፈልገዋል።

ጥቃቅኑ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየሁት በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ነው። ለሜቻ ግርማ 8 ደቂቃ ከ01.36 ሰከንድ ሮጦ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ተቀደመ። በኻሊፋ ስታዲየም ውስጥ አየሩ በማቀዝቀዣ የተገራ ነው፤ ከውጭው ወበቅ ገብቶ ጥሪ የሚጠብቅ ሯጭ የሞቀ ጡንቻው እንዳይቀዘቅዝበት ረጅም ሱሪውን እስከ መጨረሻው እንዳያወልቅ እንመክር ነበር። ሙክታር እድሪስና ሰለሞን ባረጋ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅና ብር ሲወስዱ እዚያው ዶሃ ሠርተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ባንዲራ ለብሰው መቀመጫዎቹ ላይ ዘለሉ። እልልታቸውን ስሰማ አለቀስኩ።

መስከረም 24 እኩለ ሌሊት ላይ የወንዶች ማራቶን ተካሄደ። አየሩ ከመጀመሪያው ሌሊት ይሻል ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሞስነት ገረመው በአራት ሰከንድ ተከተለው። በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ገዛኸኝ አበራ በ2001 እ.ኤ.አ. ኤድመንተን ላይ ካሸነፈ ወዲህ ይህን ወርቅ ያመጣ ኢትዮጵያዊ ወንድ አልነበረም። ማራቶን ጨርሶ የመጣ ሯጭ መተኛት ያምረዋል፤ እኛ ግን እናራምደዋለን፣ ውኃውን በትንሽ በትንሹ እናስጎነጨዋለን፣ ጫማውን አውልቀን ጥፍሩንና ውኃ የቋጠረ ቆዳውን እናያለን። ማሸት የሚመጣው አድሮ ነው፤ ያውም በስሱ። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በአውሮፕላኑ ውስጥ በየጊዜው ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ ሁሉንም አስጠነቀቅሁ። ማራቶን የሮጡት ለሁለት ሳምንት ያህል ጠንካራ ልምምድ እንዳይነኩም ሳሳስብ ያለ ክርክር ተቀበሉኝ።