ሼፊልድ፦ ከግሬፕስ ፎቅ እስከ ጨረቃው ሆቴል

ከለንደን ሼፊልድ በባቡር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ጆሮዬ ላይ የሼፊልዱ የሮክ ባንድ አርክቲክ መንኪስ ነበሩ። የሄድኩትም ለእነሱ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ስድስተኛ አልበም፣ «ትራንኲሊቲ ቤዝ ሆቴል ኤንድ ካሲኖ»ን፣ ሰው ሲያጣጥለው ደሜ ይፈላል።

ያደርኩበት ርካሽ ማደሪያ እንቅልፍ ነሳኝ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ከታች የጠጡ ልጆች እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጮኻሉ። ለፎጣ ለብቻው 4 ፓውንድ ተቀበሉኝ። ለፎጣ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

የ2006ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ግን የተሠራው ከዚሁ ጫጫታ ነው፤ ከዳንስ ቤት በር ግፊያ፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከልጆች ጠብ። ጊታሩ ይጣደፋል። ዘፋኛቸው አሌክስ ተርነር በሼፊልድ አነጋገሩ ቃላቱን ያዥጎደጉዳቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ360 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ጠዋት ትሪፔት ሌን ላይ ያለውን ግሬፕስ መጠጥ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጡት እዚያ ፎቅ ላይ ነው። ከተማው ዳገት በዳገት ነው፤ ደሴ ላደገ ሰው ግን ዳገት ምኑም አይደል። መንገድ የጠየቅኳቸው ሽማግሌ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«አሜሪካ ሄደው ተበላሹ እንጂ ጥሩ ልጆች ነበሩ» አሉኝ።

እዚያው ቆመን ተከራከርን። በ2009ኙ አልበም አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ጆሽ ሆሚ ወደ ካሊፎርኒያ በረሃ ሲወስዳቸው ነው ፍጥነታቸው የረገበው፤ ጊታሩ ከበደ፣ ጨለመ። በ2013ቱ «ኤ ኤም» የሂፕሆፕ ምት ገባበት። ከዚያ ተርነር ለ30ኛ ልደቱ ፒያኖ ተሰጠው። ጊታር የለመደ እጅ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ዜማውም አካሄዱን ይቀይራል። እናም በ2018ቱ አልበም ጨረቃ ላይ ስለተሠራ ሆቴል አዜመ! ቤዝ ጊታሩ ፊት ወጣ፣ ከበሮው ታገሠ፣ ጊታሩ ወደ ጥግ ሄደ። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የጻፈውን በሰላሳዎቹ እንዲደግመው ለምን እንጠብቃለን?

አንዱን ማዳመጫ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን ዘፈን አይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ድምፁ አምሯል» አሉ፤ «የድሮው ግን የእኛ ነበር።»

ይሄን መከራከር አልቻልኩም። ስመለስ ባቡሩ ላይ የ2022ቱን «ዘ ካር» ከፈትኩ። ቫዮሊን በዝቶበታል፤ እኔም ይባስ ወድጄዋለሁ።