ለመርሳት በሽታ ምን ይብሉ ላላችሁኝ

እናቴ አልዛይመር እንዳለባት ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። የኮኮናት ዘይት ይረዳል? ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋርስ? እኔ የምግብ ባለሙያ አይደለሁም፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን እናቴን የማስታምም ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቅር የሚለውን ላስቀድም። አልዛይመርን የሚያድን ምግብ የለም፤ የኮኮናት ዘይትንም ጨምሮ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ማይንድ የሚባል አመጋገብ አውጥተው ነበር፤ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የበዛበት፣ ቅቤና ጣፋጭ የቀነሰ። በፈረንጆቹ 2015 በወጣ ጥናት አጥብቀው በተከተሉት ሰዎች ላይ በበሽታው የመያዝ ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶ ሲታይ ብዙ ሰው ጮቤ ረገጠ። በ2023 ግን የማስታወስ ችግር የሌለባቸውን 604 አረጋውያን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በማይንድ ግማሹን በተለመደው ምግባቸው አድርገው፣ የሁለቱንም መጠን ትንሽ ቀንሰው፣ 3 ዓመት ተከታትለው ሲያዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ይሄ ሁሉ ደግሞ ገና ላልታመመ ሰው ነው። ለእኛ ለልጆቹ ማለት ነው። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ገብስ፣ ተልባ በደጃችን ስላለ ለሰሜን ሸዋ ሰው ብዙ አይከብድም (አረቄያችን ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ይቅርታ)።

ለታመመው ሰው ከምን ይብላ ይልቅ እንዴት ይብላ የሚለው ይበልጣል።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። የእኔን ስም ትስታለች፣ ረቡዕና ዓርብን ግን አትስትም። ችግሩ አሁን ቀኑ ሁሉ ረቡዕ ሆኖባታል። ወተት ሳቀርብላት «ጾም አይደል እንዴ?» ትላለች። የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ለታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት ነገሯት። እሺ አባቴ ብላ መስቀል ተሳለመች፤ እሳቸው ግቢውን ሳይወጡ «ዛሬ ጾም አይደል?» አለችኝ። አንዲት ጎረቤታችን እንቁላል ሽሮው ውስጥ ደብቂላት ትለኛለች። አላደርገውም። ጾሟ ከቀሯት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ እሱን በተንኮል ልነጥቃት አልፈልግም። ያለችበት ቀን ጾም ከሆነ ሽሮዋን በሱፍ ወይም በኦቾሎኒ አወፍረዋለሁ፣ አቮካዶ እጨምራለሁ። ቀኑ ፍስክ ሲሆንላት ደግሞ እንቁላሉም ቅቤውም ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሆድም እንደ ድሮው አይመጥጠውም። እጥረቱ ራሱ ሰውን ያስረሳል፣ ያደናግራል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል። ስለዚህ ወላጆቻችሁ መርሳት ሲጀምሩ «እርጅና ነው፣ ጃጁ» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት በደም ምርመራ ይታይላቸው። የእማዬ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ በመርፌ ትወስዳለች። አልዛይመሩን አላዳነላትም፣ ግን ጾም ነው አይደለም የሚለውን ጭቅጭቅ አቀለለልኝ።

ሌላው ጉርሻ ነው። ማንኪያ ስትይዝ ምን እንደምታደርግበት ይጠፋታል፣ እንጀራ ስታይ ግን እጇ ራሱ ያውቃል፤ ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ አፍ። እጇ እስከቻለ ድረስ አላጎርሳትም፤ ሲደክማት በትንሽ በትንሹ አጎርሳታለሁ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ የመጀመሪያውን መዋጧን አይቼ። ጣጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ትልቅ ጉርሻ ፍቅር በሆነበት አገር አክስቶቼን «አሳንሱት» ማለት ጠብ ነው። ግን በዚህ በሽታ መዋጥ እየከበደ ይሄዳል፣ ምግቡም በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ስትበላ የምትስል ወይም ድምጿ እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። ቆሎም በዚሁ ምክንያት ቀርቷል። በሶ በጥብጬ እሰጣታለሁ።

ማዕዱን ቀለል አድርጉት። አምስት ዓይነት ወጥ አንድ ላይ ሲቀርብ ግራ ይገባታል፣ አንድ ሲሆን ትበላለች። ነጭ ገንፎ በነጭ ሳህን አታቅርቡ፣ አይታያትም። አብራችኋት ብሉ፤ እናንተ ስትጎርሱ አይታ ትጎርሳለች።

ውኃ በዚህ ብርድ ማንም አይጠማውም፣ ያረጀ ሰው ደግሞ ጥማቱ ራሱ ይቀንሳል። ውኃ ያነሰው ሰው ይብስ ይደናገራል። ስለዚህ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳትጠይቅ። ቡና ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት የጠጣች ቀን ሌሊቱን ሙሉ ቤት ስትዞር ታድራለች።

ክብደቷን በየወሩ መዝኑ። ብዙዎቹ ይከሳሉ፣ እየከሳች ባለች እናት ላይ ኮሌስትሮል እያሉ ቅቤ መከልከል ለእኔ ትርጉም የለውም። ስኳር ወይም ግፊት ካለባት ግን ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ። ድንገት ምግብ ካስጠላት ጥርሷን፣ ሆድ ድርቀቷን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒትንም እዩ። ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የሚባለው ኪኒን አንዳንዱን ያቅለሸልሻል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊቀይረው ስለሚችል በራሳችሁ አታቋርጡት።