ጃንጥላ ይለፍ!

ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ቅሬታ ስመልስ ውዬ፣ ማታ ደግሞ ስለ ለንደን መካነ እንስሳት የድሮ ስሞታ ሳነብ አመሸሁ። ሱስ ነው መሰለኝ 😅

ሬጀንትስ ፓርክ ውስጥ በ1828 (በፈረንጆቹ) ሲከፈት፣ ተራ ሰው መካነ እንስሳቱን ከሚያስተዳድረው የእንስሳት ጥናት ማኅበር አባል የተጻፈ ፈቃድ ይዞ፣ በዚያ ላይ አንድ ሽልንግ ከፍሎ ነበር የሚገባው። ለማንም ክፍት የሆነው በ1847 ነው።

እኔን የገረመኝ የያኔው የበር ሕግ ነው። አለንጋና ዱላ በር ላይ ይቀራል፤ የወይዛዝርቱ ጃንጥላ ግን ይለፍ! እነሱ ሆዬ በፍርግርጉ አሾልከው እንስሳቱን ይጎነትሉበታል። ስሞታ ባይመጣ ነበር የሚገርመው።

የያኔዎቹ ድቦች ደግሞ በሚኖሩበት ጉድጓድ ውስጥ በቆመው ግንድ ላይ ይወጡና፣ ጎብኚው በዘንግ ጫፍ ሰክቶ የሚያቀብላቸውን ዳቦ ይበሉ ነበር። (ዱላ ክልክል አልነበር እንዴ?)

ጦጣዎቹ መጻፍ ቢችሉ ኖሮ ግን የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የስሞታ ደብዳቤውን የት ያስቀምጠው ነበር?