አንድ ቢሮ፣ አንድ አይፒ፦ ሠራተኛው ሁሉ በአንዴ እንዳይታገድ ያደረግነው

የምሠራበት ድርጅት የውስጥ ሪፖርቱን የሚቀባበለው በወርድፕሬስ በተሠራ ድረ ገጽ ነው። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ውጭ አገር የተከራየነው ነው፤ ቢሮው አዲስ አበባ ሲሆን አርባ ገደማ ሰው ይጠቀምበታል። በተለይ ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ እንዳለፈ ድረ ገጹ ለሁሉም እምቢ ይል ነበር። “ሲስተም የለም” ይባላል፤ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ይደወላል፤ ራውተሩ ተነቅሎ ይሰካል። ከዚያ ማንም ምንም ሳያደርገው በራሱ ይመለሳል።

ፍንጩን ያገኘሁት ከፋይናንስ ባልደረባችን ነው። “ወንድሜ፣ በስልኬ ዳታ ስገባ እኮ ይከፍታል፤ እምቢ የሚለው በቢሮው ዋይፋይ ነው” አለችኝ። ይህ ማለት ሰርቨሩ ደህና ነው፣ የቢሮው ኢንተርኔትም ደህና ነው፤ ሰርቨሩ ግን እኛን ለይቶ አግዶናል።

ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ በ192.168 የሚጀምር የራሱ አድራሻ አለው። ይህ አድራሻ ግን ከራውተሩ አያልፍም። ራውተሩ ሁሉንም በአንድ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ውጭው ኢንተርኔት በሚያየው አንድ አድራሻ፣ ስለሚያወጣቸው ሰርቨሩ አርባውን ሰው እንደ አንድ ሰው ያያል። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮችን ማሰብ ነው፤ አንዷ ምጣድ ስትጥድ መብራቱ የሚጠፋው በግቢው ሁሉ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ፌይልቱባን የሚባለው ፕሮግራም ተጭኗል። ሥራው ሎግ (ሰርቨሩ የተደረገውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) እያነበበ ፓስዎርድ የሚደጋግሙ አድራሻዎችን ማገድ ነው። መነሻ ቅንብሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስህተት የታየበትን አይፒ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ድረ ገጹ በራሱ የሚመለሰውም ለዚህ ነበር። የታገዱትን ዝርዝር ስከፍት የቢሯችን አይፒ እዚያው ተቀምጧል።

ግን ሰኞ ጠዋት ይህን ያህል ሰው እንዴት ፓስዎርድ ይሳሳታል? ሎጉን መስመር በመስመር ማንበብ ነበረብኝ። የሰርቨሩ ሰዓት በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት) ስለሚቆጥር የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ 05:30 ነው። በዚያ ሰዓት ዙሪያ ከእኛ አይፒ ወደ መግቢያ ገጹ የተላኩት ጥያቄዎች አብዛኞቹ 302 የሚል የሰርቨር መልስ ኮድ ነበራቸው። ወርድፕሬስ ፓስዎርዱ ትክክል ሲሆን 302 ብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሲሳሳት ደግሞ ያንኑ የመግቢያ ገጽ በ200 መልሶ ያሳያል። 200 በሌላ ቦታ “ተሳክቷል” ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ከእኔ በፊት የተተከለው የፌይልቱባን ማጣሪያ ግን ኮዱን ጨርሶ አያይም፤ ወደ መግቢያ ገጹ የተላከውን ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጥራል። በሰዓቱ መጥተው በትክክለኛ ፓስዎርድ የገቡ ሰዎች ናቸው ቢሮውን ያሳገዱት!

መፍትሔው ያልተሳካውን ሎጊን ብቻ ከነአካውንቱ ስም ወደ ሲስተም ሎግ የሚጽፍ ፕለጊን (ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መጫንና ፌይልቱባን ያንን ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ነበር። የሰኞው ጣጣ በዚሁ ቆመ።

ያልተጠበቀ ጥቅምም አገኘንበት። ሎጉ የአካውንት ስም መያዝ ሲጀምር ከአንድ አካውንት ብቻ እኩል ጊዜ እየጠበቀ የሚመጣ ስህተት ታየ። ሰው ፓስዎርድ ሲሳሳት እንዲህ አይለካም። ወደ ባለቤቱ ሄጄ “ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎን ያሳዩኝ” አልኳቸው። ፓስዎርዳቸውን ኮምፒውተር ላይ ቀይረዋል፤ ስልካቸው ላይ ያለው የወርድፕሬስ አፕ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አሮጌውን ይልካል። አሁን ፓስዎርድ የቀየረን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ስልኩ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች “የቢሮውን አይፒ ከነጭራሹ ከእገዳ ነፃ እናድርገው” ብለው ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። የእኛ አይፒ ቋሚ አይደለም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ሊያገኝ ይችላል። ያኔ ነፃ የተደረገው አድራሻ የማናውቀው ሰው እጅ ይገባል። ከዚያ በላይ ግን በቫይረስ የተያዘ አንድ ላፕቶፕ ከውስጥ ሆኖ የፈለገውን ያህል ፓስዎርድ ቢሞክር የሚያስቆመው አይኖርም።

ስለዚህ ቆጠራውን ለሁለት ከፈልነው። ጥብቁ ገደብ በአካውንትና በአይፒ ጥምር ላይ ነው፦ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ 5 ጊዜ ከተሳሳተ የሚቆመው የእሱ አካውንት ከዚያ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። ላራቬል የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ይዟቸው የሚመጣቸው የሎጊን ኮዶችም የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። በአካውንት ብቻ መቆጠር የለበትም፤ ስም የሚያውቅ ክፉ ሰው ሥራ አስኪያጁን ከሩቅ ሆኖ ሊያስቆልፋቸው ይችላል። በአይፒ ብቻ የሚቆጠረውን ደግሞ ለአንድ ቢሮ በሚበቃ መጠን ከፍ አደረግነው እንጂ አላጠፋነውም፤ አንድ ተራ ፓስዎርድ ይዘው በአካውንቱ ሁሉ ላይ የሚሞክሩ አጥቂዎች የሚያዙት በእሱ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ በአንድ አካውንት ላይ እስከ 100 ተከታታይ ስህተት ይፈቅዳል። ፓስዎርዱ ጠንካራ ከሆነና ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለ 5ን ወደ 10 ማሳደግ የሚያስፈራ አይደለም። እኛም ገንዘብ ለሚነኩ አካውንቶች በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን የስልክ ኮድ አስገድደናል፤ ኮዱን ለማየት ኢንተርኔት ስለማያስፈልግ ኔትወርክ ሲደክምም ይሠራል።

ድረ ገጹ ከክላውድፍሌር (በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ ጥያቄዎችን ከሚያስተላልፍ አገልግሎት) ጀርባ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሰርቨሩ የሚያየው የክላውድፍሌርን አድራሻ ስለሆነ የጎብኚው እውነተኛ አይፒ እንዲነበብ ካልተስተካከለ አንድ ጥፋተኛ ብዙ ንፁሃንን ያሳግዳል። እውነተኛውን አይፒ የሚነግረውን ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ መግለጫ) ግን ከክላውድፍሌር ሲመጣ ብቻ ነው መቀበል፤ ከማንም የሚቀበሉት ከሆነ አጥቂው የፈለገውን አይፒ ጽፎ ይልካል።

ሲያልቅ ቢሮ ውስጥ ሞከርነው። እኔ በአንድ የሙከራ አካውንት እስኪቆለፍ ድረስ ሆን ብዬ እየተሳሳትኩ፣ ፋይናንሷ ባልደረባችን አጠገቤ ሆና በራሷ ገባች፤ ወዲያው ገባላት። የሞባይል ዳታ ተጠቃሚዎችም በኦፕሬተሩ በኩል ፐብሊክ አይፒ ስለሚጋሩ፣ ለመስክ ሠራተኞቻችን የሚሠራው ይኸው ቅንብር ነው።